«ተይዞ ይቅረብ» የተባለበት መዝገብ እንዴት ይፈለጋል? እንዴትስ ይነሣል?

ለዚህ እትም ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሰርቦና ከሌሎችም የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ቀጠሮ አልፎኛል፤ ፍርድ ቤት ተይዤ እንድቀርብ አዝዟል ይባላል፤ እውነት መሆኑን በምን ላረጋግጥ? ከሆነስ ምን ላድርግ? ተራ በተራ እንመልሳለን። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልን፦ ማዘዣ ፍርድ አይደለም። ጥፋተኛ ነህ አይልም፤ ዳኛው ፊት ይቅረብ ነው የሚለው። በገዛ እግሩ የቀረበ ሰውና በካቴና የቀረበ ሰው ለዳኛው አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ሾፌር ነበርኩ። ከ2 ዓመት በፊት ጅማ ሄርማታ አካባቢ አንድ እግረኛ ገጭቼ፣ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጥቼ በመታወቂያ ዋስ ወጣሁ። ከዚያ ለሥራ ቦንጋ ገባሁ። መጥሪያ የሚባል አልደረሰኝም። ሰሞኑን የድሮ ጎረቤቴ ደውሎ «ፖሊስ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ ሲጠይቅህ ነበር» አለኝ። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቁጥር ይጀምሩ። አንድ ጉዳይ ከፖሊስ ተነሥቶ ችሎት እስኪደርስ ሦስት ቁጥር ይወጣለታል፦ የፖሊስ የምርመራ መዝገብ ቁጥር፣ የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ቁጥር፣ በመጨረሻም የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር። ብዙ ሰው አንዱን ቁጥር ይዞ ሌላው ቢሮ ይሄድና «የለም» ሲሉት ጉዳዩ የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም፤ እዚያ ቢሮ የሚጠራው በሌላ ቁጥር ነው። የእርስዎ የምርመራ ቁጥር በዋስ በወጡበት ወረቀት ላይ ይኖራል። ወረቀቱ ከጠፋ ቃልዎን ወደሰጡበት ጣቢያ፣ የትራፊክ ክፍሉ ዘንድ፣ አደጋው የደረሰበትን ቀን፣ ቦታውንና የባጃጁን የታርጋ ቁጥር ይዞ መሄድ ነው። በዚያ ቁጥር ዐቃቤ ሕግ ቢሮ «ክስ ተመሥርቷል ወይ? በስንት ቁጥር?» ተብሎ ይጠየቃል። የፍርድ ቤቱ ቁጥር ከተገኘ ሬጅስትራሩ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) መዝገቡ የየትኛው ችሎት እንደሆነና የመጨረሻው ትእዛዝ ምን እንደሚል ያሳያል።

ፍርድ ቤቱን የሚወስነው የእርስዎ መኖሪያ አይደለም፤ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታና የክሱ ክብደት ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ የደረሰ ቀለል ያለ ጉዳይ የከተማው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ከባዱ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት። ሰርቦ ላይ ቢሆን ኖሮ የቀርሳ ወረዳ፣ የቡ ላይ ቢሆን የማና ወረዳ ፍርድ ቤት ይሆን ነበር። የፌዴራል ሥልጣን የሆኑ ጉዳዮችም ቢሆኑ በሕገ መንግሥቱ ውክልና በክልሉ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለሚታዩ፣ አንዱ መዝገብ ቤት «የለም» ስላለ ፍለጋውን አያቋርጡ።

ፍለጋውን በብዛት የሚያሰናክለው ስም ነው። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች መዝገብ የሚያዘው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። ከድር፣ ጀማል፣ ዘይነባ የሚሉት ስሞች በቁቤ ሲጻፉ አናባቢው አንዴ ነጠላ አንዴ ድርብ ሆኖ ይገባል፤ ኮምፒዩተሩም አንዲት ፊደል ስትለይ «አልተገኘም» ይላል። ስለዚህ የራስዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም ሊጻፍ በሚችልበት መልክ ሁሉ በወረቀት ጽፈው ይስጡ፤ የግል ተበዳዩን ስምም ይጨምሩ። ዓመተ ምሕረቱን ካወቁ ፍለጋው ይቀላል። በመዝገቡ ላይ ገልሜ ሲል መዝገብ፣ ዋሚቻ ሲል መጥሪያ፣ ቤለማ ሲል ቀጠሮ፣ ሂመተማ ሲል ተከሳሽ ማለት ነው።

ቁጥሩን ለማፈላለግ ራስዎ መገኘት ግድ አይደለም፤ ዘመድ ወይም ጠበቃ ሊሄድልዎ ይችላል። መዝገቡ ሲወጣ ግን ሁለት ነገር ይነበብ፦ የመጨረሻው ትእዛዝና ከዚያ በፊት ፖሊስ ስለ መጥሪያው የሰጠው መልስ። «በአድራሻው አልተገኘም» የሚል ከሆነ መጥሪያው እንዳልደረሰዎ የሚያስረዳልዎ የፖሊሱ የራሱ ጽሑፍ ነው። የዚያን ገጽ ግልባጭ ሳይዙ አይውጡ።

ጥያቄ፦ ቁጥሩን አግኝቻለሁ፤ በእርግጥም ተይዛ ትቅረብ የሚል አለበት። ለማስነሣት ምን ይዤ ልሂድ? ስቀርብስ እዚያው ያስሩኛል? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ እህታችን፣ አያስሩሽም ብለን ቃል መግባት አንችልም። የመታሰሩን ዕድል የሚቀንሰው ግን ዝግጅትሽ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር እናድርገው።

በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 160 ተከሳሽ ያለ በቂ ምክንያት በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ ማዘዣ እንዲወጣ ያዛል። ቁልፉ «በቂ ምክንያት» የሚለው ነው። ማመልከቻሽ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚያ ላይ ነው። መጥሪያ አለመድረሱ፣ ሆስፒታል መተኛት፣ የቅርብ ቤተሰብ ሞት፣ በሌላ ጉዳይ ታስሮ መቆየት፣ የመንገድ መዘጋት ዳኛ የሚሰማቸው ምክንያቶች ናቸው፤ ያም ቀኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሲኖራቸው ነው። ቀጠሮው ኅዳር 12 ሆኖ የሕክምና ወረቀቱ ኅዳር 20 የሚል ከሆነ ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበልጣል። «ረሳሁት» የሚል ደካማ ምክንያት ነው። እውነቱ እሱ ከሆነ ግን እሱኑ ተናገሪ፤ የውሸት ወረቀት ሌላ ክስ ይወልዳል።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። የመዝገብ ቁጥሩ፣ የተከራካሪዎቹ ስም፣ ያለፈው ቀጠሮ፣ ያልተቀረበበት ምክንያት፣ የአሁን አድራሻሽና ስልክሽ ይኑርበት። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ማዘዣው እንዲነሣ፣ ቀድሞ የተፈቀደ ዋስትና ካለ እንዲጸና ከሌለ እንዲፈቀድ፣ ለጉዳዩም አዲስ ቀጠሮ እንዲሰጥ። ስለ ዋናው ክስ እዚህ አትከራከሪ፤ የሱ ጊዜ ገና ነው። ሦስት ቅጂ ይሁን፦ ለመዝገቡ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለራስሽ። በራስሽ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም ያድርግልሽ። ፍርድ ቤት ደጅ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉልሻል። የከሳሽን ቃል ግን እንደ ራስሽ ቃል አድርገው እንዳያሰፍሩብሽ ሳታስነብቢ አትፈርሚ። የመክፈል አቅም ከሌለሽ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጠበቃ ካቆምሽ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ለመቆም ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቂ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጠበቃ የፌዴራል ፈቃድ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ቋንቋውን የማትችዪ ከሆነ በችሎት አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ እንዲመደብልሽ መጠየቅ የሕገ መንግሥት መብትሽ ነው።

ዋስሽን ከጎንሽ ይዘሽ ሂጂ። ዳኛው ዋስትና ፈቅደው ዋሱ ግን አጋሮ ከሆነ፣ እሱ እስኪደርስ የምትቆዪው ጣቢያ ነው። የደመወዝ ዋስ ከሆነ መታወቂያውንና ከመሥሪያ ቤቱ ለፍርድ ቤቱ የተጻፈ፣ የወር ደመወዙን የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ ይያዝ፤ በደብዳቤው ላይ የመዝገብ ቁጥሩ ይጠቀስ። የመኪና ሊብሬ ወይም የቤት ካርታ የሚያስይዝ ከሆነ ዋናውን ከቅጂ ጋር ያምጣ። ገንዘብ የምታስይዢ ከሆነ የመንግሥት ደረሰኙን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂ፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ የሚመለሰው በሱ ነው።

ቀኑም ይመረጣል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤት ድረሺ። ዓርብ የምሳ ሰዓቱ ረጅም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዳኛው «ዋስ እስክታቀርብ ትቆይ» ካሉ ቅዳሜና እሁድ ጣቢያ ነሽ። ክረምት ላይ መደበኛ ችሎቶች ሲዘጉ የሚያስተናግደው ተረኛ ችሎት ነው። መዝገቡ ያረጀ ከሆነም ከመዛግብት ክፍል ፈልጎ ለማውጣት ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ተፈልጎ ችሎቱ ዘንድ መግባቱን አረጋግጪ። መዝገብ በሌለበት ዳኛው ምንም አያዙልሽም።

አሁን ብዙ ሰው ችላ የሚለው የመጨረሻው እርምጃ፦ ዳኛው «ማዘዣው ተነሥቷል» ስላሉ ፖሊስ ዘንድ ያለው ወረቀት በራሱ አይቀደድም። ማዘዣው ለስንት ጣቢያ እንደተጻፈ ከመዝገቡ አንብቢ፤ ለጅማ ከተማ ፖሊስ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ለምትኖሪበት ወረዳም ተጽፎ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የማንሻ ደብዳቤ ይውጣ፤ አድርሰሽ በቅጂሽ ላይ የተቀበሉበትን አስፈርሚ። አንዱን ማኅተም ያለበት ቅጂ ከመታወቂያሽ ጋር ያዢ። በተነሣ ማዘዣ መናኸሪያ ላይ የሚያዙ ሰዎች በአብዛኛው ይህችን ወረቀት ያልያዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከ4 ዓመት በፊት በስድብና ዛቻ ተከስሼ ነበር። አንድ ቀጠሮ ቀረሁ። በኋላ ስጠይቅ «መዝገቡ ተዘግቷል» አሉኝ፤ እኔም እፎይ አልኩ። አሁን ፖሊስ ሊይዘኝ ይችላል የሚል ሰው መጣ። የተዘጋ መዝገብ እንዴት ይይዘኛል? ደግሞስ ጊዜው አላለፈበትም? (ከአጋሮ)

መልስ፦ «ተዘግቷል» እና «ተሰናብቷል» በአማርኛ ይቀራረባሉ፤ በፍርድ ቤት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ተከሳሽ ሳይገኝ ሲቀር ሕጉ በሌለበት እንዲታይ የሚፈቅደው ክሱ ከባድ ሲሆን ነው፤ በአንቀጽ 161 መሠረት በዋናነት ከ12 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል። የእርስዎ ዓይነት ጉዳይ ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ፖሊስ «አላገኘሁትም» ብሎ ሲመልስ ችሎቱ መዝገቡን ለጊዜው ይዘጋና «ተከሳሹ በተገኘ ጊዜ ይንቀሳቀሳል» ይላል። ማዘዣው ግን ፖሊስ እጅ እንዳለ ነው፤ በራሱ የሚያበቃበት ቀን የለውም። ስለዚህ «ተዘግቷል» ሲሉዎ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠይቁ፦ በምን ትእዛዝ? ክሱ ተቋርጦ ወይም በነፃ ተሰናብተው ከሆነ የትእዛዙን ግልባጭ ይውሰዱና ይረፉ። ለጊዜው ከሆነ ከላይ ለእህታችን እንደነገርናት ያመልክቱ፤ ልዩነቱ የእርስዎ ማመልከቻ «የተዘጋው መዝገብ ይንቀሳቀስልኝ» የሚል ጥያቄ መጨመሩ ነው።

ስለ ይርጋው፣ ማለትም ጊዜ በማለፉ ክስ ስለሚታገድበት ሕግ፦ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 217 መሠረት ከ1 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል በ3 ዓመት፣ ከ1 ዓመት በላይ በሆነ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ በ5 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ነገር ግን አንቀጽ 221ን አብረው ያንብቡ፦ የመያዣ ትእዛዝና መጥሪያ ይርጋውን ያቋርጡታል፤ ቆጠራውም እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ መቁጠር የሚጀመረው ከስድቡ ቀን ሳይሆን በመዝገቡ ውስጥ ከመጨረሻው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቀን ሊሆን ይችላል። ይርጋ አልፏል ብለው ካመኑ ስሌቱን ለዳኛው በጽሑፍ ያቅርቡ። ቤት ተቀምጦ በልብ የተሰላ ይርጋ ከፖሊስ አያስጥልም።

በሌለበት የተፈረደበት ሰው ካለ ደግሞ ይህን ልብ ይበል፦ ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ፣ መጥሪያ እንዳልደረሰው ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት እንዳልቀረበ አሳይቶ ፍርዱ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። 30ኛው ቀን ካለፈ በሩ ይጠባል።

ጥያቄ፦ ከጎረቤቴ ጋር ተጣልተን ከስሶኝ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ ታረቅን፤ ካሣም ከፈልኩ፤ ቡና ተጠጣ። ሁለታችንም ፍርድ ቤት መሄድ ተውን። አሁን ማዘዣ ወጥቶብኛል። እንዴት እንዲህ ይሆናል? (ከሰርቦ)

መልስ፦ ዕርቁ ውብ ነው፤ ዳኛው ግን አልሰሙም። መዝገቡ ላይ ያለው «ተከሳሽ አልቀረበም» የሚል ብቻ ነው። ይህ ስሕተት በጅማ ዙሪያ በጣም የተለመደ ስለሆነ አጥብቀን እንናገራለን፦ ዕርቁ ወደ መዝገቡ ካልገባ ለፍርድ ቤቱ እንዳልተደረገ ነው።

የዕርቁን ስምምነት በጽሑፍ ያድርጉ፤ ሁለታችሁም፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት። ጉዳዩ በባህል ፍርድ ቤት ታይቶ ከሆነ የውሳኔውን ግልባጭ ይውሰዱ። ከዚያ ጎረቤትዎን ይዘው አብራችሁ ቅረቡ፤ «ታርቄያለሁ» የሚለው ቃል ከእርሱ አፍ ሲወጣ ክብደቱ ሌላ ነው። ክሱ እንደ ስድብ ወይም ቀላል ድብደባ በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርብ ከሆነ የተበዳዩ መተው ጉዳዩን ሊያስቆመው ይችላል። ከዚያ የከበደ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ከሳሹ መንግሥት ነውና ዕርቁ ክሱን አያስቀርም፤ በቅጣት ማቅለያነት ግን ይያዝልዎታል። በሁለቱም መንገድ መጀመሪያ ማዘዣው ይነሣ።

ጥያቄ፦ ምስክር ነኝ እንጂ ተከሳሽ አይደለሁም። ቡና ለቀማ ላይ ሆኜ ሳልሄድ ቀረሁ። እኔም ላይ ተይዞ ይቅረብ ይባላል? (ከሊሙ)

መልስ፦ አዎ፤ መጥሪያ ፈርሞ የተቀበለ ምስክር ካልቀረበ ችሎቱ በፖሊስ ሊያስመጣው ይችላል። የለቀማው ወቅት ለቤትዎ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ለችሎት ግን በቂ ምክንያት መሆኑ ያጠራጥራል። ከቀጠሮው በፊት ለዐቃቤ ሕጉ ወይም ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ካለፈም በኋላ ቶሎ ይቅረቡ። ምስክርነቱን ሰጥተው ሲጨርሱ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ጥያቄ፦ ለታናሽ ወንድሜ በደመወዜ የ10,000 ብር ዋስ ሆንኩ። እሱ ጠፋ። እኔን ነው የሚያስሩኝ? (ከጅማ፣ መምህር)

መልስ፦ በወንድምዎ ወንጀል እርስዎ አይታሰሩም። የገቡት ግዴታ የገንዘብ ነው፦ ካልቀረበ 10,000 ብሩ ለመንግሥት ገቢ እንዲሆን ሊታዘዝ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ሲጠራዎ ግን ይቅረቡ፤ የራስዎን መጥሪያ መናቅ የራስዎ ጥፋት ነው። ሲቀርቡ የት እንዳለ የሚያውቁትን ይናገሩ፤ «ፈልጌ ላቅርበው» ብለው ቀነ ቀጠሮ ይጠይቁ። ከቀረበና ምክንያቱ ተቀባይነት ካገኘ ገንዘቡን የማዳን ዕድል አለዎት። ዋስ የሆኑ ሌሎች ሰዎችም ይህን ይስሙ፦ ሰውየው ሻንጣ ማሰር መጀመሩን ካዩ፣ ሳይጠፋ በፊት ከዋስትናው ልውረድ ብሎ ማመልከት ይቻላል። ፍርድ ቤቱ እሱን አስቀርቦ ሌላ ዋስ ይጠይቀዋል። ከጠፋ በኋላ ግን ዘግይቷል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሶኮሩ ላይ በፍተሻ ተይዞ አደረ። ማዘዣ አለበት ነው የሚሉት። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ወረቀቱን። የያዘው ፖሊስ ማንነቱን ማረጋገጥና ማዘዣውን ማንበብ አለበት። የትኛው ፍርድ ቤት፣ ስንት ቁጥር፣ በምን ክስ? ይጻፉት። የአያት ስም ይመሳከር፤ በሁለት ስም ብቻ የተጻፈ ማዘዣ ስመ ሞክሼ ያስይዛል። ስሕተት ከሆነ መታወቂያውን፣ የአያቱን ስምና የትውልድ ዘመኑን የሚያሳይ ማስረጃ ዛሬውኑ ያቅርቡ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የሚቀነሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። በተግባር ቅዳሜና እሁድ መጓተት ያጋጥማል፤ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት እዚያ ይሁኑ። ጭራሽ ሳይቀርብ ጊዜው ካለፈ፣ አካሉ ነፃ እንዲወጣ ለፍርድ ቤት አቤት የማለት መብት በዚያው አንቀጽ ተጽፏል። ሲቀርብ ዋሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። እስከዚያው ስለ ክሱ ዝም የማለት መብት አለው፤ ስሙንና አድራሻውን ግን በትክክል ይናገር። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ያድርሱለት።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ደውሎ «ማዘዣ ወጥቶብሃል፤ 5,000 ብር በቴሌብር ላክና ላስቀርልህ» አለኝ። ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ። ማዘዣ የሚነሣው በዳኛ ፊርማና በፍርድ ቤቱ ማኅተም ብቻ ነው፤ በስልክ የሚነሣ የለም። የደወለውን ሰው የመዝገብ ቁጥሩን ይጠይቁት። ከሰጠዎ ይዘውት መዝገብ ቤት ይሂዱና ያጣሩ። ካልሰጠዎ የስልክ ቁጥሩን ለፖሊስ ያስመዝግቡ። ፍርድ ቤት ግቢ ደጃፍ ቆመው «ሰው አውቃለሁ» የሚሉትም ያው ናቸው። በወንጀል መዝገብ ማዘዣ ይነሣልኝ ብሎ ለማመልከት የዳኝነት ክፍያ የለም፤ የሚያወጡት ለጽሕፈት፣ ለግልባጭና ዳኛው ካዘዙ ለዋስትና ነው። የዋስትናው ገንዘብ ደግሞ ደረሰኝ አለው።